አቦጋዶና አቦጋዶስ፦ ጠበቃን በነጠላም በብዙም መማር
በደብረ ብርሃን ለሕግና ለቋንቋ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር



ዛሬ የማነሣው አንድ የስፓኒሽ ስም ነው። «አቦጋዶ» ይባላል፤ ጠበቃ ማለት ነው። ሲበዛ «አቦጋዶስ» ይሆናል፤ ጠበቆች። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ፣ ይህን ቋንቋ ለዕለት ኑሮው የሚፈልግ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ከዚህ አገር ወጥቶ የሚሄድ ወጣት ሊይዛቸው ከሚገቡ የባዕድ ቃላት መካከል ይህን ከፊተኞቹ ተርታ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው ሰሜን አሜሪካ ለመድረስ ደቡብ አሜሪካን የሚያቋርጡ ወገኖች አሉን። ብራዚል ወይም ኢኳዶር ይገባሉ፤ ኮሎምቢያን ያልፋሉ፤ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግራቸው ይሻገራሉ፤ ከዚያም አገር በአገር እያለፉ ሜክሲኮ ይደርሳሉ። ከብራዚል ከወጡ በኋላ ፖሊሱም፣ የኬላ ጠባቂውም፣ ዳኛውም የሚናገረው ስፓኒሽ ነው። በሜክሲኮና በጓቲማላ ድንበር አጠገብ ታፓቹላ የምትባል ከተማ አለች፤ የተያዙ ስደተኞች የሚቆዩበት ትልቅ ማቆያ እዚያ ይገኛል። እዚያ የደረሰ ልጅ ውኃና ዳቦ በእጁ ምልክት መጠየቅ ይችላል። ጠበቃን ግን በእጅ ምልክት መጠየቅ አይቻልም። «ኔሴሲቶ ኡን አቦጋዶ» ማለት ያስፈልገዋል፤ «ጠበቃ ያስፈልገኛል» እንደማለት ነው። ይህን ያለ ሰው መብት እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚሰማውም ባለሥልጣን ያንን ይረዳል።

የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 በወንጀል የተከሰሰ ሰው ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ ራሱ በመረጠው አቦጋዶ የመከላከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሕግ ተማሪዎች ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። በእኛም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተከሰሱ ሰዎች መብት የሰፈረው በአንቀጽ 20 ነው። ሁለት የተራራቁ አገሮች ይህን መብት በአንድ ቁጥር ሥር መጻፋቸው አጋጣሚ ነው። መብቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ግን አጋጣሚ ልለው አልችልም።

እንግዲህ ቃሉን እንማረው። አቦጋዶ በአናባቢ ስለሚያልቅ ሲበዛ «ስ» ብቻ ይጨመርበታል። በተነባቢ የሚያልቀው «ኤስ» ይወስዳል፤ ዓቃቤ ሕግ «ፊስካል» ነው፣ ዓቃብያነ ሕግ «ፊስካሌስ»። ዳኛ በላቲን አሜሪካ አነጋገር «ሁዌስ»፣ ዳኞች «ሁዌሴስ» ይባላሉ። እኛ መጽሐፈ መሳፍንት የምንለው የብሉይ ኪዳን ክፍል በስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ይኸው «ሁዌሴስ» ነው፤ ዳኞች። ይህ የማብዛት ሥርዓት ለእኛ ሰው አይከብድም። በአማርኛ ጠበቃ ጠበቆች፣ ዳኛ ዳኞች ይሆናል። ግእዝ ደግሞ ቃሉን ከውስጡ ፈትቶ ያበዛዋል፤ ንጉሥ ነገሥት፣ መስፍን መሳፍንት ይላል። ፍትሐ ነገሥት ብሎ የሚጠራ የሸዋ ገበሬ ከስፓኒሹ እጅግ የረቀቀ ብዙ ቁጥር በአፉ ይዞ ኖሯል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የባዕድ ሰዋስው አያስፈራችሁ።

ቃሉን ለማስታወስ ጭማቂ ቤት የምታዙትን አቮካዶ አስቡ። ስፔናውያን አሜሪካ ደርሰው የአዝቴኮቹን «አዋካትል» የሚል የፍሬ ስም ሲሰሙ፣ ጆሯቸው ወደሚያውቀው ወደ አቦጋዶ አስጠጋው። አቮካዶ የሚለው ስም በዚያ በኩል ዞሮ ወደ እንግሊዝኛ፣ ኋላም ወደ እኛ መጣ። በፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ ጠበቃውም ፍሬውም «አቮካ» ነው።

ከዚህ ስም አጠገብ ግን ብዙ ሰው ያሰናከለ ሌላ ስም አለ፤ «ኖታሪዮ»። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ኖታሪዮ ሕግ የተማረ፣ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ባለሙያ ነው። በጓቲማላ አንዱ ሰው አቦጋዶም ኖታሪዮም ሆኖ ይሠራል። በአሜሪካ ግን «ኖታሪ» የሚባለው ፊርማን የሚያረጋግጥ ሰው እንጂ ጠበቃ መሆን አይጠበቅበትም። በዚህ ልዩነት የሚነግዱ አታላዮች በአሜሪካ ከተሞች «ኖታሪዮ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው የስደተኛውን ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ማመልከቻውን ያበላሻሉ፤ ሰውየው የመኖር መብቱን አጥቶ ይባረራል። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበራት ሕዝቡን ደጋግመው የሚያስጠነቅቁበት ማጭበርበር ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከነተቋሙ ካልተማሩት ሰው ይጎዳል።

አቦጋዶ የመጣው ከላቲኑ «አድቮካቱስ» ነው፤ በአንድ ሰው አጠገብ እንዲቆም የተጠራ ማለት ነው። የግሪኩ «ፓራክሌቶስ» በአሠራሩም በትርጉሙም ያው ነው። እኛ ይህን ቃል ከብዙዎቹ የአውሮፓ ሕዝቦች ቀድመን እናውቀዋለን፤ ከትንሣኤ በኋላ በ50ኛው ቀን በዓሉን የምናከብርለት ጰራቅሊጦስ እርሱ ነው። ሊቃውንቱ ናዛዚ፣ መጽንዒ እያሉ ይተረጉሙታል። የዮሐንስ አንደኛ መልእክት በአማርኛ ሲተረጎም በምዕራፍ 2 ላይ ያንኑ የግሪክ ቃል «ጠበቃ» ብሎታል። አጠገብ መቆም ከጥንት ጀምሮ የጥብቅና ሥራ እምብርት ነው። ሕጉን ማወቅ የሚያስፈልገው በቆሙበት ቦታ ሰውየውን እንዲጠቅሙት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ሲያስችሉ፣ አንኮበር ባዕዳን ቃላችንን የሚማሩባት ከተማ ነበረች። ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ሸዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ ሰዋስዉን በ1842 ለንደን ላይ አሳተመ። እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን ስሙን ከነብዙ ቁጥሩ፣ ግሡን ከነእርባታው እየጻፉ በትዕግሥት መማራቸውን አደንቃለሁ። ከዚያ በፊትም ጴድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1603 መጥቶ ግእዝና አማርኛ ተምሮ ነበር፤ በ1622 የሞተውም በጣና ዳር በጎርጎራ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ የእኛን ቋንቋ ለመማር ይህን ያህል ከደከመ፣ የእኛ ልጅ የእርሱን ለመማር የሚከለክለው ነገር የለም። ደግሞም ተምረናል። ከ1969–70 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ በኋላ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ከእነርሱም አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ወደ ኩባ ተልከው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው የወጣቶች ደሴት ትምህርት ቤት ገቡ። ግማሹን ቀን እየተማሩ፣ ግማሹን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ እየሠሩ አደጉ። ስፓኒሽን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ከመካከላቸው ወጥተዋል። ይህን ትውልድ በቋንቋ አስተማሪነት ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያሳዝነኛል።

ሕግ ነክ ቃልን በግምት መያዝ ምን እንደሚያስከፍል ግን የሸዋ ቤተ መንግሥት ከማንም በላይ ያውቃል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር ውል ተፈራረሙ። ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1883 አንኮበር ላይ ከኢጣሊያው አንቶኔሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረጉ። ከዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል መጣ። የአንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ እንዲችሉ ፈቃድ ይሰጣል፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ጠቡ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተፈታ። ያን ጊዜ ሁለቱን ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁ፣ ሕግም የተማሩ፣ ለአገራቸው ብቻ የሚቆሙ በርከት ያሉ ሰዎች ከንጉሡ አጠገብ ቢኖሩ ኖሮ ማጭበርበሩ ገና ከወረቀቱ ላይ ይያዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአገር ቤት ሙግት ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ሰው አጥተን አናውቅም። ሸዋ የሙግት አገር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኛ እስከ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ቆሞ ይሰማል፤ መንገደኛው ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲዳኝ ቢለመን እምቢ ማለት ነውር ነበር። በበላ ልበልሃ ተሟጋቹ ነገሩን በግጥም እየሰካ ያወርደዋል፤ በማር፣ በበቅሎ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል። ከፍ ሲል ነገሩ በወምበሮቹ፣ ማለትም በዳኞቹ፣ በኩል ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ንጉሡ ችሎት ይደርሳል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር ያደረጓቸው አፈ ንጉሥ ነሲቡን ነው፤ አሮጌው የችሎት ማዕርግ በአዲሱ መሥሪያ ቤት ቀጠለ።

ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ ሕዝባችን ሕግን እንዲያከብር ያደረገው እርሱ ነው። ነገር ግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። በዚያ ሙግት ምላሱ የተባ ይረታል። ዓይነ አፋሩ፣ ሐዘንተኛዋ፣ አማርኛ በቅጡ የማይናገረው የቆላ ሰው፣ እውነት ይዘውም ሊሸነፉ ይችላሉ። ለዚህ ነው ጠበቃ የተፈለገው። ድሮም ቢሆን አፍ ያለው ሰው ለዘመዱ ወይም በዋጋ ለሌላው ይሟገት ነበር። ነገረ ፈጅ የሚለውም ስም ከዚያ የወረደ ነው፤ ዛሬ የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ጉዳይ ይዞ ለሚከራከረው ባለሙያ ይነገራል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ በየግላቸው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ነጠላ ቁጥር ነበሩ።

ብዙ ቁጥሩ እንዲመጣ ትምህርት አስፈለገ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩ በ1952 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቀው፤ ወደ አማርኛ ተተረጎመ፤ ልዩነት ቢነሣ የሚጸናው ግን አማርኛው ሆነ። በዚያ ትርጉም ላይ የደከሙት ሰዎች ከግእዙም ከሙግቱ ቋንቋም እየቀዱ የዛሬውን የሕግ አማርኛ ሠሩልን። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲቋቋም የሕግ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደየአገሩ እየተዳረሰ ነበር።

ይህም ሆኖ ጠበቆቻችን ለብዙ ዘመን ለየብቻ ሠርተዋል። ሁለትና ሦስት ሆነው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም እንኳ ሕጉ አይፈቅድላቸውም ነበር። ይህን የለወጠው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ የጥብቅና ድርጅትን ፈቀደ፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ እንዲቋቋም አደረገ። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ይህን ከያዙት ቆይተዋል። የማድሪድ «ኮሌሂዮ ዴ አቦጋዶስ»፣ የጠበቆች ጉባኤ እንበለው፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1596 ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ቃል ብዙ ቁጥሩ መሆኑን አስተውሉ። አንድ ጠበቃ ብቻውን ሊፈራ፣ ሊገዛ፣ ሊታሰር ይችላል። ማኅበር ያላቸው ጠበቆች አጥፊያቸውን ራሳቸው ይቀጣሉ፤ የተደፈረውን ባልደረባቸውን በአንድነት ይጠብቃሉ፤ ለድሃው የሚሰጠውንም አገልግሎት በወግ ያከፋፍላሉ። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይደነግግ ነበር። እንዲህ ያለ ግዴታ ሥራ ላይ የሚውለው የሚያስተባብር ሲኖር ነው፤ ያለዚያ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሴቶቹንም ሳላነሣ አላልፍም። ስፓኒሽ ጾታውን በስሙ ላይ ያወጣል፤ ሴቷ «አቦጋዳ»፣ ሲበዙ «አቦጋዳስ» ናቸው። የአማርኛው ጠበቃ ለሁለቱም አንድ ነው፤ መጣ ወይም መጣች ስንል ብቻ ይታወቃል። ወንዶችና ሴቶች ሲቀላቀሉ ግን ስፓኒሹም የወንዱን «አቦጋዶስ» ይወስዳል። ማድሪድ ላይ ቪክቶሪያ ኬንትና ክላራ ካምፖአሞር የተባሉ ሴቶች በጠበቃነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ የከተማው የጠበቆች ጉባኤ ከተመሠረተ ከ300 ዓመት በላይ አልፎ። በእኛ አገር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ሲሟገት ቆይቷል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል።

አሁን ከታፓቹላ ወደ አንኮበር ወረዳ ፍርድ ቤት እንምጣ። አልዩ አምባ በድሮ ዘመን ከባሕር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ የሚገበያይባት ከተማ ነበረች። ዛሬም ከደጋው ሥር አርጎባው አለ፣ ከርሱ ዝቅ ሲል አፋሩ አለ፤ በሰሜን ሸዋ በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱም ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ተከሶ ችሎት ቢቆም፣ በታፓቹላ ከተያዘው የእኛ ልጅ በምን ይለያል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ሲያጣና በዚህም ፍትሕ ሲጓደል በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። ተጽፏል። ተከሳሹ ግን ጠበቃ የሚለውን ቃል ቢያውቀውም «ገንዘብ ላላቸው ነው» ብሎ ካመነ፣ ቃሉን እንዳላወቀ ይቆጠራል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሕግ ተማሪዎች፣ አንድ የባዕድ ቋንቋ ያዙ፤ ከእንግሊዝኛ ሌላ። ስፓኒሽ ከያዛችሁ አቦጋዶን፣ ፊስካልን፣ ሁዌስን ከነብዙ ቁጥራቸው አጥኑ፤ አንድ ቀን ከዚህ አገር የወጣ ልጅ ከሩቅ ይደውልላችሁ ይሆናል። የቋንቋ ተማሪዎች፣ አርጎብኛን፣ አፋርኛንና ኦሮምኛን ለችሎት አስተርጓሚነት በሚበቃ መጠን ተማሩ፤ ሥራውም አለ፣ ክብሩም አለ። ጠበቆች፣ የነጻ አገልግሎት ሰዓታችሁን ከአስፋልቱ ዳር ብቻ አታውሉት፤ አንኮበር ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባቶችና እናቶች፣ የተያዘ ልጃችሁን ልትጠይቁ ስንቁን ይዛችሁ ስትሄዱ ይህንም አብራችሁ ንገሩት፤ «ጠበቃ ይቁምልኝ» ብሎ ችሎቱን እንዲጠይቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ይፈቅድለታል።